ቴሌግራም አልከፍት ሲል፦ ከምልክቱ ተነስታችሁ መንስኤውን ያዙ

ቴሌግራም እምቢ ሲል ብዙ ሰው ቶሎ የሚሄድበት መላ አፑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ነው። እባካችሁ እሱን የመጨረሻ አድርጉት። አፑን ስታጠፉት ከአካውንታችሁ ትወጣላችሁ። ለመመለስ ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ የሚመጣበት ሲም ደግሞ የጠፋ፣ የተቃጠለ ወይ እናንተ ጋ የሌለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እያለ ተራ የኔትወርክ ችግር የነበረው የአካውንት ችግር ሆኖ ያርፋል። በስልኩ ሴቲንግ፣ የአፖች ዝርዝር ውስጥ ያለው «ክሊር ዳታ»ም ያው ነው፣ ያስወጣችኋል። ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ የሚያጸዳው «ክሊር ካሽ» ግን አያስወጣችሁም፤ ስልኩ ሞልቶ አፑ እየተዘጋ ካስቸገረ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ከ«ሲክሬት ቻት» በስተቀር መልእክቶቻችሁ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላሉ አይጠፉም።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑ የሚለውን አንብቡ።

አናቱ ላይ አንድ ጽሑፍ ተገትሮ ቀርቷል

ከቻቶቹ ዝርዝር በላይ የምትታየው ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ትናገራለች። «ዌይቲንግ ፎር ኔትወርክ» ካለ ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት የለውም። ዳታ በርቷል? ጥቅሉ አላለቀም? የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ*804# እዩት። ኤርፕሌን ሞድ አብርቶ ትንሽ ቆይቶ ማጥፋትም ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

«ኮኔክቲንግ» ሲል ነገሩ ሌላ ነው። ስልኩ ኢንተርኔት አለኝ ብሏል፣ ቴሌግራም ጋ ግን አልደረሰም። ብሮውዘር ክፈቱና ሌላ ድረ ገጽ ሞክሩ። እሱም ካልከፈተ ዋይፋዩ በስም ብቻ ነው የተገናኘው። ሌላው ሁሉ እየከፈተ ቴሌግራም ብቻ ካስቸገረ ወይ ቪፒኤን ነው፣ ወይ ፕሮክሲ (ሁለቱም ግንኙነታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙረው የሚወስዱ ናቸው)፣ ወይ እገዳ።

«አፕዴቲንግ» ካለ ግን አትንኩት። ተገናኝቷል፣ ያመለጣችሁን መልእክት እየጎተተ ነው። ግሩፕ የሚያበዛ ሰው ትንሽ ይጠብቃል፣ ምን ይደረግ።

«ኮኔክቲንግ ቱ ፕሮክሲ» ብሎ ይቀራል

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገር ውስጥ ሲታገዱ ያገኘነውን ቪፒኤንና ፕሮክሲ ሁሉ ጭነን ነበር። እገዳው በሐምሌ ተነሳ። ፕሮክሲው ግን ብዙ ስልክ ላይ እንደበራ ቀረ። የነፃ ፕሮክሲ ዕድሜ ደግሞ አጭር ነው፤ ባለቤቱ ሲዘጋው የእናንተም አፕ አብሮ ይቆማል።

ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ግቡ፣ ወደ ታች ውረዱ፣ «ፕሮክሲ» የሚለውን አጥፉ። ቪፒኤኑንም አጥፍታችሁ ሞክሩ። ጥቅላችሁ ለተወሰኑ አፖች ብቻ የተሸጠ ከሆነ ቪፒኤን ሲበራ ኔትወርኩ የትኛውን አፕ እየከፈታችሁ እንደሆነ አያይም። ጥቅል እያላችሁ አልሰራ የሚለው በዚህም ይሆናል።

ብሮውዘሩ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ፕሌይ ስቶርም አያዘምንም

የስልኩን ቀን እዩ። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉ አሉ። ለስልኩ ይሄ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት (እውነተኛነታቸውን የሚያረጋግጠው፣ ቀን ያለው ዲጂታል መታወቂያ) ገና ያልተወለደ ይመስለዋል። ሰዓቱን ከጠዋቱ 3 ብለው የሚያስተካክሉም አሉ፣ ስልኩ 9 ማለት ሲገባው። በየ30 ሰከንዱ ኮድ የሚቀያይሩት የማረጋገጫ አፖች በዚህ ስድስት ሰዓት ልዩነት የተነሳ የሚሰጡት ኮድ ሁሉ «ስህተት» ይባላል። ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። ለአበሻ ሰዓትና ቀን የራሱ አፕ አለ።

ኮዱ አልመጣም

ብዙ ሰው የሚጨናነቀው እዚህ ጋ ነው። ሰዉ ኤስኤምኤስ ይጠብቃል፣ ቴሌግራም ግን ኮዱን ቀድሞ የሚልከው አካውንታችሁ ክፍት ወደሆነበት ሌላ መሣሪያ ነው፦ የድሮው ስልክ፣ ቤት ያለው ታብሌት፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር። እዚያ «ቴሌግራም» ከሚል፣ ሰማያዊ ምልክት ካለው ቻት ኮዱ ይገኛል። ኮድ የሚሞላበት ስክሪን ላይ ወዴት እንደላከው ተጽፏል፤ ማንም አያነበውም እንጂ። የመግቢያ ኢሜይል አስመዝግባችሁ ከሆነም ኢሜይላችሁን እዩ፣ ስፓሙን ጨምሮ።

በኤስኤምኤስ ልኬያለሁ ካለ ደግሞ ቁጥሩን አረጋግጡ። ከ251 በኋላ ዜሮ የለም፤ በ9 ወይም በ7 ይጀምራል። ጓደኛችሁ አንድ ኤስኤምኤስ ይላክላችሁ። የእሱም ካልገባ ችግሩ ሲሙ ነው፣ አፑ ምንም አላጠፋም።

ከሰው በሼር የተቀበላችሁት፣ ቀለሙ የተቀየረ ወይም «ፕላስ» ምናምን የሚል አፕ ከሆነ ግን ኤስኤምኤስ አትጠብቁ። ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦፊሴላዊ ባልሆኑ አፖች ለሚገባ ሰው ኮዱ የሚላከው በቴሌግራም ውስጥ ብቻ ነው። ዋናውን ከፕሌይ ስቶር አውርዱና በእሱ ግቡ።

«ቱ ሜኒ አተምፕትስ» ካለ እጃችሁን ሰብስቡ። ኮድ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ነው የቆለፈው። መላው መጠበቅ ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ ሊሆን ይችላል። በየአስር ደቂቃው መነካካት አይጠቅምም።

ኮዱ ገባ፣ አሁን ደግሞ ፓስወርድ ይላል

ይሄ ራሳችሁ ያበራችሁት ሁለተኛው ቁልፍ ነው። ፓስወርዱ ሲረሳ መመለሻ የሚሆን ኢሜይል (ሪከቨሪ ኢሜይል) ካስገባችሁ «ፎርጎት ፓስወርድ» ብላችሁ በደቂቃ ታልፋላችሁ። ኢሜይል ከሌለ፣ አካውንቱ ክፍት የሆነበት ሌላ ስልክ ላይ ሴቲንግ ገብታችሁ ፓስወርዱ እንዲነሳ ጠይቁ፤ 7 ቀን ያስጠብቃል። የትም ክፍት ካልሆነ የሚቀረው አካውንቱን አጥፍቶ ከዜሮ መጀመር ነው። ቻቱም ግሩፑም ይሄዳል። አሁን ሰላም እያለ ኢሜይል አስገቡ።

ውጭ አገር ነኝ፣ የአገር ቤቱ ቁጥር ሞቷል

ቤይሩት፣ ዱባይ ወይም ዲሲ ሆኖ በአዲስ አበባ ቁጥር ቴሌግራም የሚጠቀም ብዙ ነው። ሲሙ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ያ ሰው ቴሌግራም ልክፈት ሲል የእናንተን አካውንት ነው የሚያንኳኳው። ደግነቱ፣ አፑ ክፍት እስከሆነ ድረስ የድሮው ሲም አያስፈልግም። ሴቲንግ ውስጥ ቁጥራችሁን ተጭናችሁ «ቼንጅ ነምበር» በሉ፤ ኮዱ ወደ አዲሱ ቁጥር ይመጣል፣ ቻትና ግሩፑ ሁሉ አብሮ ይዛወራል። ይሄን ሳታደርጉ ሎግ አውት እንዳትሉ! ዱባይ ሆናችሁ ቻቱ እየሠራ ጥሪው ብቻ እምቢ ካላችሁ ደግሞ አፑ አልተበላሸም፤ እዚያ አገር የኢንተርኔት ጥሪ ይገደባል።

በስሜ ሰው ብር እየጠየቀ ነው

ከራሳችሁ አካውንት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» ዓይነት ሊንክ ነክታችሁ ኮድ አስገብታችኋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም፤ ሌባውም ጭምር። የእናንተ ስልክ ገና ክፍት ከሆነ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» በሉ፣ ወዲያው ሁለተኛውን ፓስወርድ አብሩ። እሱ አስቀድሞ ካበራው ግን ከላይ ያልኩት የ7 ቀን መንገድ ነው ያላችሁ።

አፑ ይሠራል፣ ግሩፑ ግን አይከፍትም

የግሩፑ ሊንክ ጊዜው አልፎ ወይም አድሚኑ ቀይሮት ይሆናል፤ ውስጥ ያለ ሰው አዲሱን ይላክላችሁ። ለጓደኛችሁ እየከፈተ ለእናንተ ብቻ ከጠፋ አስወጥተዋችኋል። 500 ግሩፕና ቻናል ከሞላችሁም፣ ፕሪሚየም ካልሆናችሁ፣ አንዱን ሳትለቁ ሌላ አያስገባም። ሰላም የማይባባሉባቸውን ግሩፖች ለመልቀቅ ጥሩ ሰበብ ነው።

ገብታችሁ መጻፍ ብቻ ካልቻላችሁ ሌሎች ሰዎች እየጻፉ እንደሆነ እዩ። ማንም ካልጻፈ አድሚኑ ዘግቶታል፣ ወይም በርዕስ በተከፋፈለ ግሩፕ ውስጥ ያንን ርዕስ ብቻ ቆልፎታል። እዚህ ግሩፕ ብቻ ከሆነ የተከለከላችሁት አድሚኑን አነጋግሩ። በየትኛውም የሕዝብ ግሩፕ መጻፍ ካቃታችሁ ግን ሰው ሪፖርት አድርጓችኋል። ፍለጋ ላይ «ስፓምቦት» የሚለውን ኦፊሴላዊ ቦት በእንግሊዝኛ ፊደል ፈልጉና «ስታርት» በሉት። ታግዳችሁ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ እገዳው በጊዜ የተወሰነ ከሆነም የሚነሳበትን ቀን ይጽፍላችኋል። ያለ ጥፋታችሁ ከሆነ እዚያው አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። በብር «አስነሳልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ከዚህ የተለየ ቁልፍ የለውም።