ትልቅ ግንድ ቶርኖ ላይ ከመጫናችሁ በፊት

በቤት የተበየደ የእንጨት ቶርኖ (እንጨት እያዞረ የሚያስቀርጽ ማሽን) ላይ ትልቅ ግንድ ለማዞር ካሰባችሁ መጀመሪያ ክብደቱን አስሉ። ውፍረቱ 60፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ እርጥብ ባህር ዛፍ ወደ 110 ኪሎ ይመዝናል። በደቂቃ 1450 ዙር የሚዞር ሞተር በቀጥታ አይገናኘው፤ በ5 ለ1፣ ቀጥሎ በ2 ለ1 ፑሊ (ቺንጋ የሚጠመጠምበት መዘውር) ስትቀንሱት 145 ዙር ይሆናል። ለጅምር ይበቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ያልተመጣጠነ ግንድ የሚወራጭበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ብየዳ የሚሰነጠቀው፣ ኩሽኔታ የሚሰበረው በዚህ ነው።

ሞተሩን ከመብራት ንቀሉ፣ ቺንጋውን አውልቁና ግንዱን በእጅ አዙሩት። ሁልጊዜ ወደ ታች የሚመለሰው ጎን ከባዱ ነው፤ እሱን ጥረቡ። በየትኛውም ጎኑ እስኪቆም ድረስ ደጋግሙ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉ!

ግንዱን የሚይዘው ብረት 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ 8 ወፍራም የእንጨት ቪቴዎች ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር ይግቡ። በተቆረጠው ጫፍ በኩል የገባ ቪቴ በጎን እንደገባው አይጨብጥም። ስለዚህ ከማዶ የሚደግፈውን ሹል፣ ግንዱ በደንብ ክብ እስኪሆን አታንሱት። ማጥፊያው ግንዱ ቢወረወር ከሚሄድበት መስመር ውጪ ይሁን። ጓንትና የሚንጠለጠል ልብስ አይቅረብ።

ትርፉ ግን ትልቅ ነው፤ ከአንድ ወፍራም ዋንዛ መጋጠሚያ የሌለው ገበታ ወይም የከበሮ ቀፎ ይወጣል። እርጥቡን ስትቦረቡሩ ግድግዳውን 6 ሳንቲ ሜትር አስቀሩ፤ የተቆረጠውን ፊት ሰም ቀብታችሁ ለወራት ጥላ ስር አድርቁት፤ ከተጣመመ በኋላ ዳግም ጭናችሁ አስተካክሉት። ለገበታ ከሆነ የግንዱን እምብርት ቆርጣችሁ አውጡ፤ ውስጡ ከቀረ ይሰነጥቀዋል።