ሱሪው ዳገት ላይ ሲይዝ፦ ቁመታቸው አጠር ላለ እናቶች የእግር ጉዞ ልብስ ችግርና መፍትሄ

እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 አይሞላም። ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነስተን ወደ እንጦጦ ስንወጣ ቶሎ ቶሎ ትቆም ነበር። ድካም መስሎኝ ስሰጋ ከረምኩ። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳይ ግን እግሯን ባነሳች ቁጥር ሱሪው ጭኗ ላይ ተወጥሮ ይይዛታል። ከዚያ በኋላ ልብሷን አንድ በአንድ አውጥተን አየን፤ ያገኘነው ይህ ነው።

ሱሪው ዳገት ላይ ይይዛል

ለእግር ጉዞ የሚሠሩ ሱሪዎች ብዙዎቹ እግር ሲታጠፍ ጨርቁ እንዲላላ ጉልበታቸው ላይ ልዩ ስፌት አላቸው። ስፌቱ የረጅም ሰው ጉልበት ተለክቶ ስለሚቀመጥ፣ አጠር ያለች እናት ስትለብሰው ቅልጥሟ ላይ ይወርዳል። እኛ መጀመሪያ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው፤ ጫፉን አሳጠርነው፤ ጫማ መርገጡ ቀረ፣ መያዙ ግን አልቀረም። ጫፉን ማሳጠር የጉልበቱን ስፌት ወደ ላይ አያወጣውም። ስለዚህ ጉልበቱ ላይ ስፌት የሌለው፣ ትንሽ የሚለጠጥ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ሱሪ ይምረጡ። ወገቡ ከኋላ ላስቲክ ቢኖረው ሲቀመጡ አያስጨንቅም።

ጃኬቱ የተውሶ ይመስላል

ትከሻውን ይዩ። ስፌቱ ከትከሻ አጥንት ሁለት ጣት አልፎ ከወረደ መልሰው ይስቀሉት፤ ትከሻ ማስተካከል ልብሱን አፍርሶ እንደገና እንደመስፋት ነው። በትልልቅ ልጆች ልብስ መካከል መፈለግ ነውር የለውም፤ የእናቴ ምርጥ ጃኬት የተገኘው ከዚያ ነው። ጫፉ ዳሌ ላይ ቢያበቃ እግር ረዘም ብሎ ይታያል፤ ጭን መሃል ከደረሰ ሰውን ያሳጥራል። የዝናብ ጃኬት ግን ለልብስ ሰፊ አይስጡ፤ መርፌ በገባበት ውሃም ይገባል። እጅጌው ከረዘመ አንጓ ላይ ጠበቅ የሚል ላስቲክ ያለውን ይግዙና ሰብሰብ ያድርጉት።

ሲወጡ ላብ፣ ሲያርፉ ብርድ

እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ጥጥ ላብ ሲጠጣ ቶሎ አይደርቅም፤ ቆም ሲሉ የሚያንዘፈዝፈው እርጥቡ ጨርቅ ነው። ከሥር ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ እስከ ታች የሚከፈት ሹራብ፣ ከዚያ ጃኬት። በአንገት የሚጠለቅ ሹራብ ትከሻቸውን ለሚያማቸው እናቶች ፈተና ነው። ነጠላውን አልተውነውም፤ አጥፈን አንገቷ ላይ እንጠመጥመውና ዘርፉን ጃኬቱ ውስጥ እንከታለን፤ እሾህ አይዘው፣ ሲወርዱ አውጥቶ መልበስም ይቻላል።

ለእግር ጉዞ ቱታ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ከተራራው ወርዳ በቀጥታ ለቅሶ ወይም ማኅበር የምትደርስበት ቀን አለ። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ በዚያው ቀለም ሹራብና ጫማ ካደረገች፣ ነጭ ነጠላ ብቻ ጣል አድርጋ የትም ትገባለች። ከላይ እስከ ታች ወጥ የሆነ ቀለም ቁመትንም አይቆርጥም።

ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ይመታል

ጫማው አጥሯል፣ ወይም ክሩ ላልቶ እግር ወደፊት ይንሸራተታል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ይግዙ፤ እግር ያን ጊዜ ያብጣል። በጉዞ ካልሲ ሲለኩ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ። ሲወርዱ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ክሩን ጠበቅ አድርገው ይሰሩ።

ካሳጠሩት በኋላ አጠረ

ጥጥ ያለበት ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ አጥበው አድርቀው ይውሰዱት። ልብስ ሰፊው ጋ የሚሄዱበትን ጫማ አድርገው ይቁሙ። እናቴ አሁን ከመለካቷ በፊት የልብስ ሰፊውን በርጩማ ትስባለች፤ አንድ እግሯን እሱ ላይ ታወጣና ጉልበቷን ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፋ ዘርግታ፣ «እዚህ ጋ አልያዘኝም፤ በል እርሳስህን አምጣ» ትለዋለች።