ሰብለወንጌልን ማርስ ከማድረሳችን በፊት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የጻፍነውን የምንነባበብ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ዘንድሮ የያዝነው ሥራ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሳይንሳዊ ልብወለድ መልክ እንደገና መተረክ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ፣ ይልቁንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ፣ በዛብህና ሰብለ የሁሉም ቤት ልጆች ሆነዋል። የሚወደውን ታሪክ ሲያበላሹበት አንባቢ ቶሎ ይነቃል። በረቂቆቻችን ላይ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ልብስ ቀይሮ ታሪክ ቀየርኩ ማለት

በቅሎዋ መንኮራኩር፣ ፊታውራሪ መሸሻ የጠፈር ጣቢያ አዛዥ ይሆናሉ፤ ከዚያ ውጭ የተነካ ነገር የለም። ግን ፊታውራሪ ልጃቸውን ለበዛብህ የማይሰጡት ክፉ አባት ስለሆኑ ብቻ አይደለም። የሚኖሩበት ሥርዓት ሰውን በዘር ስለሚመዝን ነው። አዲሱ ዓለምስ ሰውን በምን ይመዝናል? ይህ ካልተመለሰ ፍቅረኞቹን የሚለያቸው ነገር ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

አንዲት ጓደኛችን የደረሰችበት መልስ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ያህል ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ልጅ አጥንቱና ጡንቻው የምድርን ክብደት ላይሸከም ይችላል። ስለዚህ በእሷ ረቂቅ ውስጥ «የማን ዘር ነህ?» የሚለው ጥያቄ «የት ተወለድክ?» ሆነ፤ መልሱም በሰውነት ላይ የተጻፈ ነው። ሰብለ ምድር ወርዳ እንዳትኖር አባቷ ብቻ ሳይሆኑ የራሷ እግሮችም ይከለክሏታል።

ርቀቱን በስልክ ማጥፋት

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ጸሐፊው ጠፈር ስለገባ ብቻ ሁሉም ነገር በቅጽበት የሚደርስ ይመስለዋል፤ ሰብለ ትደውላለች፣ በዛብህ ያነሳል፣ ናፍቆት አለቀ። እውነተኛው ፊዚክስ ግን ለፍቅር ታሪክ ከዚህ የተሻለ ነገር ይሰጣል። መልእክት በብርሃን ፍጥነት ተጉዞ ከምድር ማርስ ለመድረስ፣ ሁለቱ ሲቀራረቡ 3 ደቂቃ ያህል፣ ሲራራቁ ደግሞ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሁለቱ የተዋደዱት እሱ አስተማሪ፣ እሷ ተማሪ ሆነው ነው። እስቲ ጥያቄዋን ልካ መልሱን አርባ ደቂቃ የምትጠብቅ ሰብለን አስቧት! በዚያ ጥበቃ ውስጥ ስንት ነገር ይበስላል? ለጉዞ የሚመቸው ጊዜ የሚመጣውም በ26 ወር አንዴ ገደማ ነው፤ መንገዱ ራሱ ሰባት ወር ያህል ነው። አንድ መንኮራኩር ያመለጠው ፍቅረኛ ሁለት ዓመት ያለቅሳል።

የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለእግዚአብሔር የሰጡበት ስለትም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ካደረጋችሁት አንድ ብልህ ልጅ ያጠፋዋል። ስለት የሚያስረው ሰውየው ራሱ ስለሚያምንበት ነው፤ እምነቱን አብራችሁ ውሰዱት።

ጉዱ ካሳን ሮቦት ማድረግ

ያጓጓል፣ አውቃለሁ። እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር ማሽን ለመጻፍ ቀላል ነው። ነገር ግን የካሳ ንግግር የሚያመው የሚነቅፋቸው ሰዎች ዘመድ ስለሆነ፣ እብድ መባልንም እያወቀ ስለተቀበለ ነው። ሮቦት ምን ይጎድልበታል? ማን ከማዕዱ ያርቀዋል?

ቅኔውን ምድር ላይ ጥሎ መሄድ

በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው። አንዳንድ ረቂቅ ላይ ግን እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው የሚናገረው። የመልእክቶቹን መዘግየት ያነሳሁት ለዚህም ነው፦ ሰም ለሚሰልሉት፣ ወርቅ ለእሷ የሚሆን መልእክት ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የት ይገኛል?

የራስን ደጅ መርሳት

የጠፈር ጣቢያ ለመሳል የባዕድ ፊልም ማሰስ አያስፈልግም። ጣና ላይ ከ30 በላይ ደሴቶች አሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ሰብለ ልብሰ መነኩሴ ለብሳ መንገድ መውጣቷን አስታውሱና ሁለቱን አጋጥሟቸው። የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወጥቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። እያንዳንዱ ጉዞ ከዕድሜው የሚቆርጥበትን መንኮራኩር መጻፍ የፈለገ ሰው ወደብ ወርዶ ታንኳ ሠሪውን ይጠይቅ።

ፈቃድን መዝለል

አጭር ነው ግን አትዝለሉት። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ በሕጋችን ደግሞ የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ለልምምድ መጻፍ ሌላ፣ ማሳተም ሌላ፤ ለማሳተም የወራሾች ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሞትን መሻር

ሁለት ረቂቆች በዛብህን በበረዶ አቆይተው ከመቶ ዓመት በኋላ አስነሡት። አንዱን ረቂቅ ያመጣችው ልጅ እያለቀሰች ነበር የጻፈችው፤ እንዲኖርላት ፈልጋ ነው፣ ይገባኛል። ግን ርዕሱ ላይ መቃብር አለ። እኛ ባለፈው ሳምንት እስኪመሽ የተከራከርነው በሌላ ጥያቄ ነበር፦ አፈር በሌለበት፣ ውሃውም አየሩም ተቆጥሮ በሚሰጥበት ጣቢያ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያርፍበትን ቦታ ማን ይፈቅዳል? ጉዱ ካሳ የሚከራከርበት የመጨረሻው ምዕራፍ አሁን በዚህ ላይ እየተጻፈ ነው።