ጥንቸላችሁን የሚያሳክካት ምንድን ነው?

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ አካባቢ ትንሽ ግቢ ኖሯችሁ ለልጆች ብላችሁ ጥንቸል አስገብታችሁ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ጥንቸል ሲያሳክካት ብዙ ሰው ለበግ የተገዛውን መድኃኒት ያነሳል። እባካችሁ ቆዩ። መጀመሪያ እከኩ ከየት እንደጀመረ እዩ።

ጆሮዋ ውስጥ ከሆነ

ራሷን ታራግፋለች። ጆሮዋን በኋላ እግሯ እያከከች ትውላለች። ገልጣችሁ ስታዩ ውስጡ ቡናማ፣ ድርብርብ ቅርፊት ሞልቶታል። ይህ የጆሮ እከክ ነው፤ የሚያመጣው ሶሮፕተስ የሚባል በጣም ትንሽ ተባይ ነው። በጥንቸሎች ላይ በብዛት ያለውም እሱ ነው።

ቅርፊቱን እንዳትልጡት። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቁስል ነው፣ በጣም ያማታል። ተባዩ ሲሞት ቅርፊቱ በራሱ ይረግፋል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። ሐኪሙ ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣታል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ይደግመዋል፣ አንዳንዴም ይሠልሰዋል። ድጋሚውን እንዳትዘሉት። መድኃኒቱ ተባዩን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ሁለተኛው መርፌ በኋላ ለሚፈለፈሉት ነው።

በጣም የሚያስጨንቀኝ መጠኑ ነው። 1 በመቶው አይቨርሜክቲን የተዘጋጀው ለከብትና ለበግ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትሩ ለ50 ኪሎ ይበቃል። በዚህ ስሌት 2 ኪሎ ለምትመዝን ጥንቸል የሚደርሳት 0.04 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። "ትንሽ ልስጣት" ተብሎ በግምት የሚቀዳ ግማሽ ሚሊ ሊትር ከዚህ 12 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ የአትክልት ቤቱ ሚዛን ላይ አስቀምጧት። የካርቶኑን ቀንሱና ክብደቷን ለሐኪሙ ንገሩት።

አፍንጫዋ፣ ከንፈሯና ጣቶቿ ላይ ከሆነ

ግራጫ፣ ደረቅ ቅርፊት ይወጣል፤ ማሳከኩ እረፍት ይነሳታል። ይህኛው ተባይ ሳርኮፕተስ ነው፤ ቆዳዋን ቆፍሮ ይገባል። ሕክምናው ያው አይቨርሜክቲን ነው። ልዩነቱ ወደ ሰውም መሻገሩ ነው። እስክትድን ልጆች አይቀፏት፤ የሚመግባት ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቤት ውስጥ ማሳከክ የጀመረው ሰው ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጀርባዋ ላይ ፎረፎር ከበዛ

ጥቁር ጨርቅ አንጥፋችሁ ፀጉሯን አበጥሩት። የረገፈው ፎረፎር የሚንቀሳቀስ ከመሰላችሁ የፀጉር ተባይ ነው። ይህንንም ሐኪም በቀላሉ ያክመዋል።

ፀጉሯ ክብ ክብ እየሠራ ከተመለጠ

ጭርት ሊሆን ይችላል። ጭርት ፈንገስ ስለሆነ አይቨርሜክቲን ምንም አያደርገውም፤ ሐኪሙ ፀጉርና ቅርፊት ወስዶ ካየ በኋላ የፈንገስ መድኃኒት ያዛል። ይህም ወደ ልጆች ይጋባል።

ደረቷንና ሆዷን እየነጨች ከሆነ

ቆዳዋ ንጹሕ ከሆነ አትደንግጡ፤ ልትወልድ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ነው፤ መውለጃዋ ሲደርስ ፀጉሯን ነጭታ ለልጆቿ ታነጥፋለች። ሣጥንና ንጹሕ ድርቆሽ አዘጋጁላት።

መንስኤው ተባይ ከሆነ ጥንቸሏን ብቻ አክሞ መተው ድካም ነው። የጆሮው ተባይ ከገላዋ ወርዶም እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ጭዱንና ሰጋቱራውን አውጥታችሁ አቃጥሉ። ሣጥኑን በፈላ ውኃ እጠቡና ፀሐይ ላይ አድርቁት። ክረምት ከሆነና ፀሐይ ከጠፋ ሌላ ደረቅ ሣጥን ፈልጉላት፤ እርጥብ ላይ መተኛት እግሯን ያቆስለዋል። አብረዋት የሚኖሩ ጥንቸሎች ካሉ፣ ባያሳክካቸውም አብረው ይታከሙ።

ለመዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖን አትንኩት። ለውሻ ቁንጫ የሚሆነው ፊፕሮኒልም ለጥንቸል መርዝ ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይትም አትቀቧት፤ ገላዋን ስትልስ ትውጠዋለች።

ሐኪም ለማግኘት መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። ለቢሾፍቱ የምትቀርቡ እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለላችሁ። ጥንቸሏ ሙሉ ቀን ሳትበላ ከዋለች ግን አታሳድሯት። ሆዷ ሥራ ካቆመ እከኩ ሳይሆን እሱ ይገድላታል፤ በዚያው ዕለት ውሰዷት።