ሉፐስ አእምሮን ሲነካ ምን ይደረግ?

ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ያለበት ሰው ድንገት ድባቴ ከያዘው፣ ከዘባረቀ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማ «ጭንቀት ነው» ብለው አይለፉት። መንስኤው ሕመሙ ራሱ፣ ኢንፌክሽን ወይም ለሉፐስ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በቀን ከ40 ሚሊግራም ሲበልጥ የአእምሮ መታወክ ዕድሉ ይጨምራል፤ ብዙውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ይታያል። ስለዚህ ምልክቱ የጀመረበትንና የመድኃኒቱ መጠን የተቀየረበትን ቀን፣ እንቅልፉንም ጭምር መዝግበው ለሐኪሙ ያሳዩ። መንስኤውን ለመለየት ትልቅ ፍንጭ ነው። በራስ ውሳኔ ግን መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም፤ ለሳምንታት ከተወሰደ ሰውነት ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚቀንስ ድንገት መተው ለሕይወት ያሰጋል።

እንደ ሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው በጎኑ ያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ሰዓት ይያዙ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ከመጣ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ካሰበ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።