አራስ ቤት ላላችሁ

ሰሞኑን አዘዞ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጅቱ ከወለደች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ጡቷን እየጨመቀች "ወተት የለኝም እኮ" ብላ ታለቅሳለች። እናቷ አጥሚቱን ይዘው ቆመዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ጡቷ ጫፍ ላይ ወፍራም ቢጫ ጠብታ አለ። እንገር ነው!

ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ፕሮላክቲን ይባላል። በእርግዝና ጊዜም ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን ግን ሥራውን ይይዝበታል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ፕሮጄስትሮን ይወርዳል። ወተቱም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ውስጥ ሞልቶ ይመጣል። እስከዚያ እንገሩ ይበቃል፣ የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት። እባካችሁ ቅቤም ውሃም አታቅምሱት።

ልጁ በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን ይጨምራል። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። ሌሊት ሆርሞኑ ይበልጥ ስለሚጨምር የሌሊቷን አትዝለሏት። ወተቱን ገፍቶ የሚያወጣው ደግሞ ኦክሲቶሲን ነው፤ ጭንቀትና ሕመም ያግደዋል። ስለዚህ ጠያቂ ሲበዛ በሩን ገርበብ አድርጉላት፣ ልጁንም ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አስተኙላት። አጥሚቱ ይቀጥል፣ ጉልበት ይሆናታል። ልጁ ሽንቱ ካነሰ ወይም ለመጥባት ከደከመ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።