ከጦሳ ሲወርዱ የልጆች እግር ውሃ እንዳይቋጥር

ልጆች የጦሳን ተራራ ሲወጡ ደህና ናቸው፤ ችግሩ ወደ ደሴ ሲወርዱ ይመጣል። ቁልቁለት ላይ እግር ጫማው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጣት ከጫማው ጫፍ ይጋጫል፣ ተረከዝ ይፋተጋል፣ ውሃ ይቋጥራል። አዲስ ጫማ አያስፈልግም፤ መፍትሔው አስተሳሰሩ ላይ ነው።

ብዙ ስኒከር ከላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ማንም የማያስርበት ትርፍ ቀዳዳ አለው። ማሰሪያውን በዚያው ጎን ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቡና ትንሽ ቀለበት ተዉ፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሾልኩ። ከመሳባችሁ በፊት ልጁ ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ እግሩን ወደ ኋላ ያስጠጋ። ይህ ከተዘለለ ማሰሪያው ጠብቆም እግሩ መንሸራተቱ አይቀርም። አሁን ወደ ታች ስባችሁ እሰሩ። እግሩ ከደነዘዘ ከልክ በላይ ጠብቋል።

ጥፍር ቀደም ብሎ ይቆረጥ። ቀጭን ካልሲ ከውስጥ፣ ወፍራም ከላይ ቢሆን ፍትጊያው በሁለቱ መካከል ይቀራል፤ ጫማው ከጠበበ ግን አንዱ ይበቃል። የረጠበ ካልሲ ቆዳን ስለሚያለሰልስ ቅያሪ ያዙ። ልጁ «ያቃጥለኛል» ሲል እዚያው ቁሙ፤ ቦታውን አድርቃችሁ የጨርቅ ፕላስተር ሳይጨማደድ ለጥፉ። የቋጠረውን አታፍርጡት።